አስራ አንድ ሰዓት ላይ

ከአሞራ ገደል ወዲያ፣ ደንገሉ ከሚያልቅበት፣
እዚያ ነው አንዲት ነጭ ሳጥን በቋሚ ላይ ያሰርንበት።
መጠኗ የምሳ ዕቃ፣ ሆዷ ውስጥ ሲም ካርድ ያለ፣
አናቷ ላይ አንድ አንቴና እንደ ሸንበቆ የበቀለ፣
ከሥሯ ሦስት ገመድ ወርዶ ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለ፤
አንዱ ሙቀት ይለካል፣ ሁለተኛው ድፍርሱን፣
ሦስተኛው፣ ስሱው፣ ውዱ፣ ውኃው ያዘለውን ትንፋሹን።
(ስረከበው ፈርሜበታለሁ፤ ቢጠፋ ጉዴ ይፈላል፣
የስድስት ዓመት ደሞዜ ከሥሩ ይነቀላል።)

የቀዘፈው ሆጤሳ ነው። ጀልባው አርጅቷል፣ ያፈሳል፤
እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ፣
እሱ የገባውን ውኃ በጣሳ ለሐይቁ ይመልሳል።
«እንግዲህ አስተምሪያት» አለኝ፣
«አዲስ ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋን በወጉ ንገሪያት።»

ገመዱን ሰካሁ። አረንጓዴ መብራት ጠቀሰችኝ።
ስም ጠየቀች፤ «ሐዋሳ ሰባት» ብዬ ጻፍኩ።
በስንት ደቂቃ ልለካ? አለች። እዚህ ላይ ቆም አልኩ።
በየደቂቃው ብላት ባትሪው በሳምንት ያልቃል፣
በየሰዓቱ ብላት ደሞ ሐይቁ በመሃል ይደብቃል።
«በየሩብ ሰዓቱ» አልኳት፤ መሃል ሰፋሪ ሆንኩ።
በቀን አራት ጊዜ ላኪ፤ ኔትወርክ ከሌለ ያዢው፣
ሲመጣ ደግመሽ ሞክሪ፣ አደራ፣ እንዳትጥዪው።

በመጨረሻ ሰዓት ጠየቀች።
የላፕቶፔ ሰዓት ከሞተ ቆይቷል፤ ስልኬም ቻርጅ ጨርሳለች።
«ሆጤሳ፣ ስንት ሰዓት ነው?»
አንጓውን ገለበጠ። የሰዓቱ መስታወት ስንጥቅ ነው።
«ዘጠኝ» አለ። ዘጠኝ ብዬ አስገባሁ።
ፀሐይ ወደ ማዶ ስታዘቀዝቅ፣ ሥራ አለቀ ብዬ ወጣሁ።

በአሥረኛው ቀን ጥጋቡ፣ አለቃዬ፣ ቢሮ ጠራኝ፤
መስመሩን ስክሪን ላይ ዘርግቶ በጣቱ አሳየኝ።
«ሃያ ሦስት ሰዓት ላይ ትንፋሹ ወርዶ ይጨርሳል፣
እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ግን ተመልሶ ይነሣል።
ምነው፣ ሐዋሳ ላይ ፀሐይ በውድቅት መውጣት ጀመረች?
ጠቋሚው ተበላሽቷል፤ ንቀዪው፤ ሳጥንሽ ዋሸች።»

ዋሸች። ቃሉን ይዤው እስከ ዓሣ ገበያው ወረድኩ፣
አባ ኮዳዎቹ በሆድዕቃ ሲጣሉ
ከቦርሳዬ መፍቻ ፈለግኩ።
ሆጤሳ መረብ እየጠገነ «ምን አጠፋች?» አለኝ።
«ሃያ ሦስት ሰዓት ላይ ሐይቁ ትንፋሽ አጠረው አለችኝ።»
«ሃያ ሦስት የሚባል ሰዓት እኛ ጋ የለም» ብሎ ሳቀ፤
«አስራ ሁለቱን ጣዪው። ስንት ቀረ?»
«አስራ አንድ።»
«ሌሊት?»
«ሌሊት።»
መርፌውን ከንፈሩ ላይ ይዞ ዝም አለ። ሳቁ አለቀ።

«እንግዲያማ አልዋሸችም። እኔ ያልኳትን ነው የደገመች።
ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቆሮሶዋ ወደ ላይ ትመጣለች፣
አፏን ከውኃው በላይ ከፍታ አየር ትለምናለች።
እኔ መረብ የምጥለው በዚያች ሰዓት ነው። አባቴም።»

ለካ መስመሩ ልክ ነው፤ እኔ ነኝ በስድስት ሰዓት የሳትኩት፣
ያደግኩበትን ዘጠኝ፣ ለባዕድ ዘጠኝ የሰጠሁት።

በዚያው ሌሊት አብረን ወጣን። ብርድ። እንጨቱ ጠል ያዘለ።
ስድስት ሰዓት ጨመርኩላት። ከዚያ መጠበቅ።
ጥቁሩ ውኃ ላይ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ብዙ ክብ፣
ጠርዙ ከንፈር የሚያህል፤
ድምፁ ሕፃን ጡት ሲስት የሚያሰማው ዓይነት።
አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች። አንድ ነጥብ ስምንት።
ሆጤሳ መረቡን አንሥቶ፣ ሳይጥል፣ መልሶ አስቀመጠው።
«ዘንድሮ በዝተዋል» አለ።
«ዓሦቹ?»
«የሚለምኑት።»

ስክሪኑ ላይ የሙቀት ረድፍ አለ፣ የድፍርስ፣ የትንፋሽ፤
ለ«ዘንድሮ» ረድፍ ፈለግኩ። አልነበረም።
«አስተያየት» በሚለው ጠባብ ቦታ ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት።
ከሠላሳ ሁለት ፊደል አይበልጥም ይላል።
በቃው።